ሲስተሙን ከመትከላችን በፊት ወረቀቱን ተከተልኩት

የሆስፒታሉን የወረቀት ካርድና ትእዛዝ ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር ያወጣሁት የመጀመሪያ እቅድ ሰርቨር (መረጃው የሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር) የሚገዛበትን፣ ኔትወርክ የሚዘረጋበትንና ሥልጠና የሚሰጥበትን ቀን የደረደረ ሰንጠረዥ ነበር። ለሠራተኞቹ ሳቀርበው የድንገተኛ ክፍል ነርስ ተነስታ ጠየቀችኝ። «ሌሊት ራሱን የሳተ፣ ስሙ የማይታወቅ ሰው ቢመጣ በየትኛው ካርድ ነው መድኃኒት የሚታዘዝለት?» መልስ አልነበረኝም። ሰንጠረዡን ይዤ ተመለስኩና እንደ አዲስ ጀመርኩ።

ለሦስት ሳምንት ሥራዬ ወረቀት መከተል ሆነ። ካርድ ክፍል ቁጭ እላለሁ። አንድ ካርድ ሲወጣ አብሬው ወደ ሐኪሙ፣ ወደ ላብራቶሪ፣ ወደ ፋርማሲ እሄዳለሁ። መመሪያው ላይ ያለው ሌላ፣ የሚሠራው ሌላ ነው። የላብራቶሪ ባለሙያው አስጊ ውጤት ሲያይ ወረቀቱ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ ስልክ አንስቶ ይደውላል። ፋርማሲስቷ መጠኑ ያጠራጠራትን ትእዛዝ ይዛ ዋርድ ድረስ ትወጣለች። ይህ የትም አልተጻፈም። ሕይወት የሚያተርፈው ግን ይሄ ነው፤ ኮምፒውተር ሲገባ ማንም ሳያውቅ የሚጠፋውም ይሄው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ጥናት ከአእምሮዬ አይጠፋም። አሜሪካ ውስጥ በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል ትእዛዝ በኮምፒውተር መስጠት ከተጀመረ በኋላ፣ ከሌላ ቦታ ተልከው ከሚመጡ ልጆች የሚሞቱት ከ2.80 ወደ 6.57 በመቶ አሻቀበ። ድሮ ልጁ ገና መንገድ ላይ እያለ መድኃኒቱ ይዘጋጅለት ነበር። በአዲሱ አሠራር ግን ደርሶ ሳይመዘገብ ማዘዝ አይቻልም። የዚያኑ ኩባንያ ሶፍትዌር ያስገባ ሌላ የሕፃናት ሆስፒታል ግን እንዲህ ያለ ጭማሪ አልገጠመውም። የነርሷ ጥያቄ የቱን ያህል ከባድ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ለድንገተኛ ክፍል፣ ስሙ ለማይታወቅ ታካሚ የሚሆኑ አስቀድመው የተከፈቱ ጊዜያዊ የካርድ ቁጥሮች አዘጋጀን። ማንነቱ ሲታወቅ ጊዜያዊውንና የራሱን መዝገብ የሚያዋህደው ማን እንደሆነም በስም ወሰንን።

ትልቁ ስህተቴ ሥራውን በክፍል በክፍል መቁረጤ ነው። ላብራቶሪውን አስቀደምኩ፤ የሐኪሞቹ ትእዛዝ ግን ገና በወረቀት ነበር። ስለዚህ ባለሙያዎቹ እያንዳንዱን ጥያቄ እያነበቡ እንደገና በእጃቸው ያስገቡ ነበር። ደከሙ፣ ተማረሩ፣ ልክ ነበሩ። ለቀጣዩ ዙር የቆረጥኩት ትእዛዙ ከተጻፈበት ውጤቱ እስኪነበብ ያለውን መንገድ በሙሉ ይዤ ነው። የመድኃኒት ትእዛዝ ላይ ደግሞ ቅንጣት ታህል አልተደራደርኩም። አንድ ዋርድ ውስጥ ግማሹ በወረቀት፣ ግማሹ በኮምፒውተር ከሆነ ተረኛዋ ነርስ የመጨረሻው ትእዛዝ የቱ እንደሆነ በምን ታውቃለች?

ሥልጠናውንም ሁለት ወር አስቀድሜ ሰጥቼ ነበር። ሥራ ሲጀመር ፓስወርዱን እንኳ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በኋላ ወደ መጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት አመጣሁት። ከየክፍሉም አንድ ሰው ከተራ ነፃ ወጥቶ ባልደረቦቹ አጠገብ እንዲቆም ጠየቅሁ። አለቆቹን ማሳመን ቀላል አልነበረም፤ ከሁሉም ይበልጥ የጠቀመን ግን እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ቀጠሮም በግማሽ ቀነስን።

ለብልሽት በየዋርዱ አንድ ሳጥን አስቀመጥን። ውስጡ የትእዛዝ ቅጽ፣ የስልክ ዝርዝርና ሲስተሙ ሲመለስ በወረቀት የተያዘውን ማን እንደሚያስገባ የሚገልጽ ገጽ አለ። ሁለት ጊዜ፣ አንዱን በሌሊት፣ ተለማመድነው። ሥራ በጀመርን በአራተኛው ሌሊት ኔትወርኩ ተቋረጠ። እየሮጥኩ ድንገተኛ ክፍል ስደርስ ያቺው ነርስ ሳጥኑን ከፍታ የመጀመሪያውን ቅጽ እየሞላች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ታካሚዋ ተመለሰች።