ቁልፉን ሁለት ጊዜ ተጫኑት

የምኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ሬዲዮ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጋዜጠኝነት የሚማሩ የሠፈር ልጆች ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ "እንዴት ገባሽ?" ይሉኛል። ደረጃ ላይ ቆሞ የሚያልቅ ወሬ አይደለም። ግማሹን ደግሞ ስለማፍርበት ሁሌም ዘልዬው ነው የማወራው። ዛሬ ሳልዘል ልጻፈው።

ቀላል ቀላሉን በቶሎ ልለፈው። ተማርኩ፣ በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለሁሉም ተመራቂ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ተፈታኞች አንዷ ሆንኩ፣ አለፍኩ። ለአራት ጣቢያ ሲቪ አስገባሁ። አንዱም አልደወለም። ለቋሚ ቅጥር ወረቀቱ ግድ ነው፣ አትናቁት። ግን ወረቀቱን ይዞ ስልክ መጠበቅ ሥራ ፍለጋ አይባልም። እኔ አምስት ወር ጠብቄያለሁ።

በዚያ መሀል ገንዘብ ከፍዬ የድምፅ ሥልጠና ገባሁ። ሦስት ወር ሙሉ ድምፄን ሳጎረንን ከረምኩ። የምሥክር ወረቀቱ አሁንም ቁም ሳጥን ላይ አለ፣ ብሩ ግን የለም። የመጀመሪያው የድምፅ ፈተና ላይ አዘጋጁ ሁለት መስመር አስነበበኝና "ማንን ልትመስይ ነው?" አለኝ። የሥልጠና ማዕከላት የሚነግሯችሁን አላውቅም፣ የእኔ ምክር ግን አጭር ነው፦ ለድምፅ አትክፈሉ። ይልቅ እርሳስ ያዙ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አያሳይም። "አለ" ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? "ገና" በዓሉ ነው ወይስ አልደረሰም? ስክሪፕቱን ቀድማችሁ አንብቡና የሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ ጣሉ። እኔ ያን ቀን "ዋና ሥራ አስኪያጁ" የሚለውን አላልቼ አነበብኩትና ሰውየው የመዋኛ ገንዳ ኃላፊ ሆነው አረፉት። ቴክኒሻኑ መስታወቱ ውስጥ ሲስቅ አየሁት። ይህን ቴክኒሻን ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልገዋለን።

እንዴት ገባሁ? በጓሮ በር። ብዙዎቹ ኤፍኤም ጣቢያዎች የአየር ሰዓት ይሸጣሉ። ሰዓቱን ገዝተው፣ ስፖንሰር ፈልገው ፕሮግራም የሚሠሩ ተባባሪ አዘጋጆች አሉ። ሁልጊዜ ሰው ያጥራቸዋል፣ ሁልጊዜም ገንዘብ ያጥራቸዋል። መምህሮቻችን "ከትልቅ ቤት ጀምሩ" ይሉን ነበር። እኔ አልስማማም። ትልቅ ቤት ውስጥ ተለማማጅ ሻይ ያመላልሳል፣ ተባባሪ አዘጋጅ ጋ ግን በሁለተኛው ሳምንት ማይክ ትይዛላችሁ። ክፍያው ትራንስፖርት ነው፣ እሱም ሲገኝ። "ስፖንሰር ካመጣሽ ኮሚሽን አለሽ" ካሏችሁ ግን እንቢ በሉ። ጠዋት ማስታወቂያ የለመናችሁትን ሰው ከሰዓት አፋጥጣችሁ ልትጠይቁት አትችሉም።

ከከተማ ዳር ለምትመጡ ደግሞ አንድ ነገር። "የተሰጠህን ፈረቃ ሁሉ ተቀበል" የሚሉት መሀል ከተማ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። 12 ሰዓት ለሚጀምር የጠዋት ፕሮግራም ከቱሉ ዲምቱ በ10 ሰዓት ተኩል መውጣት አለባችሁ። በዚያ ሰዓት ሠፈራችን ውስጥ ከጅብ በቀር የሚንቀሳቀስ የለም። ሁለት ሳምንት ሞከርኩት። ከዚያ የከሰዓቱን ለመንኩ። ማንም አልተቆጣኝም።

አሁን ወደ ጉዱ።

የገባሁበት ተባባሪ አዘጋጅ የሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ የሦስት ደቂቃ ዘገባ ነበር። ርዕሱን ራሴ ነኝ ያመጣሁት፦ የሠፈራችን የጠዋት የታክሲ ሰልፍ። አዘጋጁ ወደደው። "ሕዝቡ ይናገር፣ ኃላፊ ይመልስ፣ ሐሙስ ይደርሳል" አለኝ። ቀኑ ሰኞ ነው። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት የተማርኩትን አስታወስኩ፦ መጀመሪያ የኃላፊውን ምላሽ ያዙ፣ ካመለጠ አይገኝም። ስለዚህ ሰልፉን ትቼ ወደ ቢሮ ሄድኩ። የመጀመሪያው ስህተቴ ይሄ ነው። ሰልፉ በየቀኑ ደጄ ላይ ነበር።

የጽሕፈት ቤቱን ስም ልተወው። ኮሙኒኬሽን ክፍሉ ውስጥ አንድ ወጣት አለ፣ ትሁት ነው። "እህቴ፣ ደብዳቤ ይዘሻል?" አለኝ። ይዣለሁ። ከላይ እስከ ታች አነበበው። "ለሚመለከተው ሁሉ ነው የሚለው። እኛን በስም መጥራት አለበት።" ሰው ፊት ቆሜያለሁ፣ ማይክ ይዣለሁ፣ ደብዳቤው ማህተም አለው። አይሆንም። ቃሊቲ፣ ሳሪስ፣ ስታዲየም፣ እንደገና ወደ ጣቢያው። ተባባሪ አዘጋጅ የራሱ ማህተም የለውም፣ ደብዳቤ የሚጽፈው ጣቢያው ነው፣ የጣቢያው ጸሐፊ ደግሞ ምሳ ወጥታለች።

ማክሰኞ በስማቸው የተጻፈ ደብዳቤ ይዤ ቀረብኩ። ወጣቱ አየው። "ቁጥር የለውም" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቁጥርና ቀን የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነጠብጣብ ነው። "እኔ ልጻፍበት?" አልኩት። በጣም አዘነልኝ።

እዚህ ላይ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። ሌሊት አዋጅ 590/2000ን አንብቤ ነበር። መረጃ የማግኘት መብት የሚባለው እዚያ ውስጥ ነው ያለው። "በአዋጁ መሠረት ጥያቄዬን የመመለስ ግዴታ አለባችሁ" አልኩት፣ ድምፄን ያን ሥልጠና የከፈልኩበትን ዓይነት አድርጌ። ልጁ ፈገግ አለ። "አዋጁ በ30 ቀን ውስጥ ነው የሚለው። 30 ቀን እንጠቀም?" የእኔ ሥራ ሐሙስ ነው የሚተላለፈው። ሕጉን እወቁት፣ ግን አትምዘዙት። ያነበበው ሰው እናንተ ብቻ አይደላችሁም።

ረቡዕ ቁጥር ያለው ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። መዝገብ ቤት ገቢ ተደረገ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ስድስት ሰዓት ሆነ። ምሳ ሆነ። ስምንት ሰዓት ሆነ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ የስክሪፕቴን መግቢያ አሳመርኩ፦ ከኢትዮጵያ ቀደምት የሬዲዮ ጣቢያዎች አንዱ አቃቂ ነበር፣ አጼ ኃይለ ሥላሴ ጣሊያን ሊወርር ሲል በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ለዓለም የተናገሩት እዚህ ጎረቤታችን ካለው ጣቢያ ነው፣ ዛሬ ግን የዚያ ሠፈር ሰው ታክሲ አጥቶ... እያለ ይቀጥላል። በጣም ኮርቼበት ነበር።

አሥር ሰዓት ሲል ኃላፊው አስገቡኝ። ጠና ያሉ፣ የደከማቸው ሰው ናቸው። "ልጄ፣ ብዙ አስጠበቅንሽ" አሉኝ። ያ ቴክኒሻን በራሱ ኃላፊነት ያዋሰኝን ሪከርደር አወጣሁ። ዙም ኤች 4 ኤን ነው። ቁልፉን ተጫንኩ፣ ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ፣ ጠየቅሁ።

ኃያ ደቂቃ አወሩ። መጀመሪያ የተለመደውን አሉ። ከዚያ ስለ ራሳቸው ጠየቅኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና "የሰርቪስ መኪናው ከተበላሸ ወዲህ እኔም ከዚያ ሰልፍ ላይ ነኝ። ትናንት ከአንቺ በፊት ቢሮ አልገባሁም" አሉ። ቆዳዬ ተነሳ። ትምህርት ቤት ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ዓይነት ድምፅ ሲነገረን ነው የኖርነው። ሮጬ ወጣሁ። ታክሲ ሰልፉ ላይ ቆሜ፣ ጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ ልሰማው ከፈትኩት።

ምንም የለም።

ያን ሪከርደር አንድ ጊዜ ስትጫኑት ይዘጋጃል እንጂ አይቀዳም። ብልጭ ድርግም የሚለው ቀይ መብራት "ዝግጁ ነኝ" ማለቱ ነው። ሁለተኛ ስትጫኑት ቀዩ ሳይጠፋ ይበራል፣ የሰዓት ቆጣሪውም መሄድ ይጀምራል። እኔ ኃያ ደቂቃ ሙሉ ዝግጁ ነበርኩ። ጆሮ ማዳመጫ ባደርግም ያው ነው፣ ዝግጁ ሆኖም ድምፅ ያሰማል። መታየት ያለበት ቆጣሪው ነው። ይህን የሚያክል ነገር አንድም መምህር አልነገረኝም። የመገናኛ ብዙኃን ጽንሰ ሐሳብ ግን በሁለት ኮርስ ተምሬያለሁ።

ተመልሼ ሮጥኩ። ወጥተዋል። ኮሙኒኬሽኑን ልጅ ደወልኩለት። እሱ ደወለላቸው። "ያልኩትን ብያለሁ" አሉ አሉ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በቴሌግራም አንድ ገጽ መግለጫ መጣልኝ። "ችግሩን ለመቅረፍ ከባለድርሻ አካላት ጋር ርብርብ እየተደረገ ነው" ይላል። ርብርብ የሚለው ቃል አራት ጊዜ አለበት። ቆጥሬዋለሁ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ሐሙስ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬን ይዤ ሰልፉ ውስጥ ገባሁ። ነፋስ ነበር። ነጠላዬን አጣጥፌ የስልኩ ማይክ ላይ ጠመጠምኩት። ረዳቱ "ቃሊቲ! ሁለት ሰው የቀረው!" ይላል። ተራ አስከባሪው ያፏጫል። አንዲት እናት ልጇን አዝላ "አሥር ዓመት ዕጣ ጠብቄ ቤት አገኘሁ፣ አሁን ደግሞ ታክሲ እጠብቃለሁ" አለችኝ። እሷን ለማናገር ደብዳቤ አልጠየቀችኝም። ሰባት ሰው በአርባ ደቂቃ ቀዳሁ። ትምህርት ቤቱ የፈለገውን ይበል፣ መጀመሪያ ወደ ሕዝቡ ሂዱ። የቢሮው መልስ ከመጣ መጣ፣ ካልመጣም መግለጫው አይቀርም።

ጣቢያ ደርሼ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ መቁረጫ ፕሮግራም ቆራረጥኩት። ነጻ ነው፣ ላፕቶፕ ካላችሁ ዛሬውኑ ጫኑትና ተለማመዱ። አዘጋጁ ሰማው። አቃቂን፣ ንጉሡን፣ ጣሊያንን ሁሉንም በአንድ መስመር ሰረዘና ከረዳቱ ጩኸት አስጀመረው። ቅር አለኝ። ልክ ነበር።

ከዚያ "የኃላፊው ድምፅ የታለ?" አለኝ።

"ማሽኑ ተበላሽቶ ነው" አልኩት።

ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ሥራው እንዳያመልጠኝ ፈራሁ መሰለኝ። መግለጫው በእኔ ድምፅ ተነበበ፣ ዘገባው ተላለፈ፣ ከሰልፉ ሰዎች አንዷ ደውላ አመሰገነች፣ በሳምንቱ ሁለተኛ ሥራ ተሰጠኝ። እንዲህ ነው የገባሁት። ሪከርደሩ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት። ቴክኒሻኑ የጣቢያ ዕቃ ለውጭ ሰው በማዋሱ ተቆጡት፣ ከዚያ ወዲህ ለማንም ተለማማጅ አያውስም። ማሽኑን ከፍቶ አይቶታል፣ ምንም እንዳልሆነ ያውቃል። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ "ሁለቴ እንደሚጫኑት ልነግርሽ ይገባ ነበር" አለኝ። እሱ ነው ይቅርታ የጠየቀኝ። እኔ ሻይ ጋበዝኩት።

አዘጋጁ ዛሬም ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል። ይህን ካነበበ ግን አሁን አወቀ።