ለዓይን ሕክምና ረዳትነት ፈተና የምትዘጋጁ፦ ከሌንሶሜትሩ ጀምሩ

የዓይን ሕክምና ረዳትነት የምስክር ወረቀት ፈተናዬን አልፌያለሁ፤ በዚህም እኮራለሁ። ነገር ግን የዝግጅት ጊዜዬን ግማሽ የፈጀብኝን ጉዳይ፣ ማለትም የመነጽር ቁጥር የሚለካውን ሌንሶሜትር በእጅ መጠቀምን፣ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከእኔ በኋላ የምትመጡት እንዳትንገላቱ ብዬ ነው የምጽፈው።

ፈተናውን የሚሰጠው በሙያው ሰዎች ዘንድ ጄካፖ የሚባለው፣ ለዓይን ሐኪም ረዳቶች የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው። ደረጃዎቹ ሦስት ናቸው፦ ሲኦኤ (ረዳት)፣ ሲኦቲ (ቴክኒሻን) እና ሲኦኤምቲ (የሕክምና ቴክኖሎጂስት)። እኔ የወሰድኩት የመጀመሪያውን ነው፤ 200 የምርጫ ጥያቄ በሦስት ሰዓት፣ በኮምፒውተር። ማመልከቻው ቅጽና ክፍያ ነው፤ በሥራ ልምድ የምታመለክቱ ከሆነ የዓይን ሐኪማችሁ ማረጋገጫም ይጨመርበታል። ስማችሁ በመታወቂያውና በማመልከቻው ላይ ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

ክሊኒክ ውስጥ የሠራ ሰው ብዙውን ክፍል ያውቀዋል። መጀመሪያ የሕመምተኛው ታሪክና የማየት አቅም፣ ቀጥሎ የብሌን ምላሽ፣ የዓይን ግፊት፣ ብሌን ማስፊያ ጠብታው ከዚህ ሁሉ በኋላ። ኬሚካል ዓይኑ ውስጥ የገባበት ሰው ሲመጣ ግን ይህ ቅደም ተከተል ይቀራል፤ የማየት አቅም ከመለካቱ በፊት ዓይኑ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠባል። የጠብታ ክዳን ቀለሞችን በቃላችሁ ያዙ፤ ቀይ ብሌን ያሰፋል፣ አረንጓዴ ያጠባል፣ ቢጫ የዓይን ግፊት የሚቀንሰው ቤታ ብሎከር ነው። ጎልድማን በሚባለው የዓይን ግፊት መለኪያ ላይ ፍሎረሲን የተባለው ማቅለሚያ ሲበዛ የሚታዩት ቀለበቶች እንደሚወፍሩና ግፊቱ ከእውነተኛው በላይ እንደሚነበብም አትርሱ።

መከራዬ የጀመረው ኦፕቲክስ፣ ማለትም የብርሃንና የሌንስ ትምህርት ላይ ስደርስ ነው። በምሠራበት ቦታ መነጽር የሚለካው አውቶማቲኩ ሌንሶሜትር ነበር። መነጽሩን አስቀምጬ ቁልፉን ስጫን ቁጥሩ ታትሞ ይወጣል። እንዲህ እየሠራሁ ሲሊንደር (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሠራው የሌንሱ ኃይል) ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ቆየሁ፤ ሥራው ስለማይጠይቀኝ ያስተዋለም አልነበረም። ፈተናው ላይ የሚመጣው ግን በመሣሪያው ውስጥ የሚታዩትን መስመሮች በዓይን እያዩ በእጅ የሚያዞሩት ዓይነት ነው።

እሱም ቢሆን ነበረን፤ ዕቃ ቤት ተቆልፎበት። እንዲወጣልኝ ሥልጠናውን የሚመሩትን ኃላፊ ደጋግሜ ለመንኳቸው። «ማሽኑ እያለ እሱ ምን ያደርግልሻል? መጽሐፉን አንብቢ፣ ይበቃሻል» አሉኝ። ቀጥሎ ቁልፉ ያለው ሌላ ሰው ጋ ነው ተባለ፤ ያ ሰው ደግሞ የኃላፊው ፈቃድ ካልመጣ አልከፍትም አለ። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል። አቧራ የለበሰ መሣሪያ ለሚማር ሰው መስጠት ማንንም አይጎዳም ነበር። መጽሐፉንም አነበብኩት፤ መስመር ሲጠራና ሲደበዝዝ ያላየ ሰው ግን ያን ገጽ መቶ ጊዜ ቢያነበው አይገባውም።

በመጨረሻ ያስተማረችኝ መነጽር የምትሠራ ባለሙያ ናት። ከሥራ ስወጣ የተጠራቀሙ አሮጌ መነጽሮች ትሰጠኝና ቁጥራቸውን ደብቃ ታስለካኛለች። መጀመሪያ መመልከቻውን ለገዛ ዓይናችሁ አስተካክሉ፤ ይህ ከተዘለለ ከዚያ በኋላ የሚነበበው ቁጥር ሁሉ ይዛባል። የመነጽሩ የኋላ ገጽ ማረፊያው ላይ ይሁን፣ የጆሮ ዘንጎቹ ወደ እናንተ አይዙሩ። በማይነስ ሲሊንደር የምትጽፉ ከሆነ ከከፍተኛ ፕላስ ተነስታችሁ ወደ ማይነስ አዙሩ። መጀመሪያ የሚጠሩት ነጠላዎቹ መስመሮች ይሁኑ፤ እሱ ስፌሩ፣ ማለትም በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሆነው ኃይል ነው። ማዞራችሁን ቀጥሉ፤ ሦስቱ ሰፋፊ መስመሮች ሲጠሩ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ሲሊንደሩ ነው። ሦስቱ ቀድመው ከጠሩ አክሲሱን (የሲሊንደሩን አቅጣጫ) 90 ዲግሪ አዙሩትና እንደገና ጀምሩ።

በዚህ መንገድ ነጠላዎቹ +2.00 ላይ፣ ሦስቱ +0.50 ላይ ጠሩ እንበል፤ አክሲሱ 180 ነው። የሚጻፈው +2.00 −1.50 × 180 ይሆናል። ያንኑ መነጽር በፕላስ ሲሊንደር ጻፉ ሲሏችሁ ስፌሩንና ሲሊንደሩን ደምሩ፣ የሲሊንደሩን ምልክት ገልብጡ፣ አክሲሱን በ90 ለውጡ፦ +0.50 +1.50 × 090። ይህን ሕግ ድሮም ሸምድጄው ነበር፤ በእጄ ካዞርኩት በኋላ ግን ሁለቱ ጽሑፎች አንድ መነጽር መሆናቸውን በዓይኔ አየሁ። ማረጋገጫም አለው፤ የሲሊንደሩን ግማሽ ስፌሩ ላይ ስትደምሩ ሁለቱም +1.25 መስጠት አለባቸው። ካልሰጡ ምልክት ላይ ተሳስታችኋል። እኔ ፈተናው ላይ እያንዳንዱን ልወጣ በዚህ ፈትሼ ነው ያለፍኩት።

የተለመደው ምክር ጊዜያችሁን በየርዕሱ ድርሻ አከፋፍሉ ይላል። እኔ አልስማማም። ስለ ክዳን ቀለም ማታ ተኝቶም ይነበባል፤ እጅ የሚለምደው ነገር ግን ሳምንታት ይወስዳል፣ መሣሪያ ለማግኘት ደግሞ ከዚያም በላይ። ስለዚህ ማመልከቻውን ከማስገባታችሁ በፊት በእጅ የሚሠራ ሌንሶሜትር የት እንዳለ አጣሩ፤ ክሊኒካችሁ ከከለከላችሁ መነጽር ሠሪ ዘንድ ሂዱና ጠይቁ። ሌንስ ከማዕከሉ ሲርቅ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጥፍ (ፕሪዝም እንደሚፈጥር) የሚያሰላውን የፕሪንቲስን ሕግም እዚያው አብራችሁ ልመዱት፤ ባለ 4 ዳይኦፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) ሌንስ ከማዕከሉ 5 ሚሊሜትር ሲርቅ 2 የፕሪዝም ዳይኦፕተር ይፈጥራል፣ ይህም መሣሪያው ላይ መስመሮቹ የሚሠሩት መስቀል ከመሃል ሸሽቶ ይታያል።

ሥልጠና የምትመሩም ይህን ካነበባችሁ፣ ዕቃ ቤት ያለውን ሌንሶሜትር አስወጡና ሠራተኛ በሚደርስበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት።