የገንዳው ዶክተር

የምተዳደርበት ሙያ ውሃ መመርመር ነው። በየጠዋቱ ከየሰፈሩ የሚመጣውን የቧንቧ ውሃ ናሙና በትንሽ የመስታወት ብልቃጥ እቀዳለሁ፤ ዲፒዲ የምትባለውን ነጭ ኪኒን እጨምርበታለሁ፤ ውሃው ሮዝ ሲሆን ድምቀቱን ከመለኪያው ቀለም ጋር አስተያይቼ በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዳለ እጽፋለሁ። የምጽፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በ0.2 እና በ0.5 መካከል ነው፤ 1 ከሞላ አለቃዬን እጠራለሁ። በዚህ ሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ኪኒኗም አንድ ቀን እንኳ ዋሽታኝ አታውቅም ነበር።

የዳግማ ትንሣኤ ቅዳሜ ባለቤቴን፣ ሁለቱን ልጆቻችንን፣ አማቴንና የባለቤቴን ታናሽ ወንድም ይዤ ቢሾፍቱ ወደሚገኝ አንድ ሪዞርት ሄድኩ። የሪዞርቱን ስም አልጠቅስም፤ በዚያ ቅዳሜና እሁድ ከእኔ የባሰ ጥፋት የሠራ ሰው ስላልነበረ ስማቸውን ማንሳት ግፍ ይሆንብኛል። የመለኪያ ሳጥኔን በሻንጣ ውስጥ ከፎጣዎቹ ሥር ደብቄ መያዜን ባለቤቴ አላወቀችም፤ ብታውቅ ኖሮ ቃሊቲን ሳናልፍ ታስወርደኝ ነበር።

ስንደርስ ገንዳው ሰው እንጂ ውሃ አይታይበትም። ርዝመቱ 25 ሜትር፣ ስፋቱ 10 ሜትር፣ ጥልቀቱ በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ነው፤ ሰዉ ግን የሚዋኝበትን ትቶ የሚቆምበትን ቦታ ይፈልጋል። ጂንስ ሱሪውን በጉልበቱ ቆርጦ የገባ ወጣት አለ፤ ለበዓሉ የተቀባችውን ቅቤ ሳትታጠብ ፀጉሯን የነከረች እመቤት አለች፤ በአንድ እጁ የቢራ ጠርሙስ ይዞ በሌላው የሚቀዝፍ አባወራም አለ። «ከመግባትዎ በፊት ገላዎን ይታጠቡ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ሻወር የልብስ መስቀያ ሆኗል። በገንዳው ጠርዝ ሴራሚክ ላይ ደግሞ የውሃውን ከፍታ ተከትሎ ቢጫ የቅባት መስመር ዞሯል። ሽታው ከሩቅ ዓይን ያቃጥላል። «ተመስገን፣ ክሎሪኑን አላጓደሉም» አለች ባለቤቴ። እኔ በልቤ «ቆይ፣ ማታ አስረዳሻለሁ» አልኩ።

ማታ እራት ላይ አስረዳሁ። ገንዳ ውስጥ አፍንጫ የሚሰነፍጠውና ዓይን የሚያቀላው ንጹሕ ክሎሪን እንዳልሆነ፣ ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ክሎራሚን የሚባል ነገር እንደሆነ፣ ስለዚህም ገንዳ በኃይል ሲሸት ክሎሪኑ በቆሻሻ ተይዟል ማለት እንደሆነ ተናገርኩ። እዚያ ላይ ባቆም ደግ ነበር። ነገር ግን በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ሰው ከለስላሳ መጠጥ ጋር ጠጥቶ ሳይለወጥ በሽንቱ የሚያስወጣውን ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ለክተው 830,000 ሊትር በሚይዝ የሕዝብ ገንዳ ውስጥ 75 ሊትር ያህል ሽንት እንዳለ መገመታቸውን ጨመርኩበት። አማቴ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «እኔ እንኳን እግሬን ብቻ ነው የነከርኩት» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ሾርባውን አልነኩትም።

እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሁሉም ተኝቶ ሳለ ሳጥኔን ይዤ ወረድኩ። ገንዳው ሌላ ገንዳ ሆኗል፤ ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ በወለሉ ላይ የወደቀ የአንድ ብር ሳንቲም ይታያል፤ ሽታ የሚባል ነገር የለም። ዙሪያውን ገመድ ተወጥሯል፤ አጠገቡ የቆመ ሰሌዳ ላይ አንድ ሰው ሰማያዊ ፎጣ ጥሎበታል። (ፎጣውን አንሥቼ ሰሌዳውን ማንበብ ይገባኝ ነበር፤ አላነበብኩም።) ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ የገንዳው ሠራተኛ በረጅም መረብ ቅጠል ይለቅማሉ።

«አባባ፣ እንደምን አደሩ? ውሃውን ልመረምር ነበር።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ዛሬ እስከ ከሰዓት በኋላ አይዋኝም። የክሎሪን ሥራ ነበረብን፤ መጠኑ ገና ከፍ ያለ ነው።»

ገመዱን አልፌ ቀዳሁ፤ ኪኒኗን ጨመርኩ። ብልቃጡ ለቅጽበት ሮዝ ብልጭ አለበትና ወዲያው ጠርቶ እንደ ጠበል ነጣ። ብልጭታውን ዓይኔ አይቶታል፤ ልቤ ግን የጠዋት ፀሐይ ነጸብራቅ ነው ብሎ አለፈው። ደገምኩት፤ አሁንም ነጭ ነው።

«አባባ፣ ከፍ ያለ ነው የሚሉት ክሎሪን የለም። ዜሮ ነው።»

ሰውየው ብልቃጡን ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሡት፤ ከዚያም እኔን አዩኝ። «እስቲ በደንብ እየው፣ ልጄ» ብለው ከመጨመራቸው በፊት የሪዞርቱ ሥራ አስኪያጅ ከበስተኋላ ደረሰ። ወጣት ነው፤ ሌሊቱን አዲስ አበባ አድሮ ገና መግባቱ ነበር፤ ጠዋት ገንዳ ዳር ብልቃጥና ኪኒን ይዞ የቆመ እንግዳ ሲያይ ደነገጠ።

«ችግር አለ፣ ዶክተር?»

ዶክተር አይደለሁም። ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝ ይህንኑ ነበር። ይልቁንም ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በገንዳ ውሃ ውስጥ በሊትር ቢያንስ 1 ሚሊ ግራም ነጻ ክሎሪን መኖር እንዳለበት፣ ፒኤቹም (የአሲድነት መጠኑ) ከ7.0 እስከ 7.8 መሆን እንደሚገባው፣ መከላከያ ያልተጨመረበት ክሎሪን በፀሐይ ግማሹ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደሚጠፋ፣ ቢሾፍቱ ደግሞ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ ፀሐይዋ እንደማትምር አብራራሁለት። ሥራ አስኪያጁ ሽማግሌውን ገሠጻቸው። ሽማግሌው ስለ ሌሊቱ ሥራ ሊነግሩት ፈልገው አፋቸውን ከፈቱና እኔን አይተው መልሰው ዘጉት፤ ለካ እንዲህ ያለው ነገር በእንግዳ ፊት እንዳይነሣ ራሱ ሥራ አስኪያጁ ያወጣው መመሪያ ነበር።

ሁለት ኪሎ ክሎሪን እንዲጨመር ታዘዘ። የገንዳ ክሎሪን ዱቄቱ በመጀመሪያ ውሃ በያዘ ባልዲ ውስጥ መሟሟት አለበት፤ ያውም ውሃው በዱቄቱ ላይ ሳይሆን ዱቄቱ በውሃው ላይ ተጨምሮ። ሽማግሌው ባልዲ ሊያመጡ ሲሄዱ ግን ሥራ አስኪያጁ ቸኩሎ አንድ ልጅ ጠራና ዱቄቱን እንዳለ በመግቢያው ደረጃ በኩል በሰፌድ እንደሚዘራ ጤፍ አስበተነው። ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ለካሁ። ዜሮ። ያን ጊዜ ናፕኪን ላይ አሰላሁ፤ ገንዳው 375,000 ሊትር ይይዛል፤ የዱቄቱ 65 በመቶ ክሎሪን ነው፤ ሁለት ኪሎ ሲገባ በሊትር ወደ 3.5 ሚሊ ግራም መድረስ ነበረበት። ሒሳቡና ብልቃጡ ሲጣሉ የተማረ ሰው ብልቃጡን ይጠረጥራል። እኔ ገንዳውን ጠረጠርኩ። «የትናንቱ ቆሻሻ ክሎሪኑን እየበላው ነው» አልኩና ሌላ ሁለት ኪሎ አስጨመርኩ። ሥራ አስኪያጁ ዋጋውን እያሰበ ፊቱ ሲቀጭም ይታወቅ ነበር፤ ቢሆንም ዶክተር ያዘዘው ነገር ነውና ፈቀደ።

ወደ 4 ሰዓት ገደማ ቤተሰቤ ወረደ። ልጆቹ ዘለው ሊገቡ ሲሉ አማቴ እጃቸውን ያዙ። «ትናንት ያን ሁሉ የተናገርከው አንተ ነህ» አሉኝ፤ «እስቲ መጀመሪያ አንተ ግባና እንይህ።» የዋና ልብሴን ረስቼ ስለመጣሁ የባለቤቴ ወንድም ከአሜሪካ የተላከለትንና ገና አንድ ጊዜ ያልለበሰውን ጥቁር ሰማያዊ ቁምጣ አውጥቶ ሰጠኝ። እየሰጠኝ ሳለ «ጋሼ፣ አደራ» ያለው ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ገባሁ። ከመግቢያው ደረጃ ሁለተኛው ላይ፣ ውሃው እስከ ደረቴ ደርሶ፣ እጄን ዘርግቼ እንደ ንጉሥ ተቀመጥኩ። ከታች የሆነ ጠጠር ነገር ቆረቆረኝ፤ አሸዋ መሰለኝ። ቆዳዬ ማሳከክ ጀመረ፤ ዓይኔ ተቃጠለ፤ እኔ ግን እየታየሁ ስለነበር ፈገግታዬን ሳላጥፍ ከሩብ ሰዓት በላይ ቆየሁ። ከዚያም ልጆቹን «ትንሽ ቆዩ» ብዬ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ቡና ላመጣ በቁርስ አዳራሹ መካከል አለፍኩ። ሰዎች ከኋላዬ ዝም ሲሉ ይሰማኛል። የዶክተርነቴ ወሬ ተሰምቶ ይሆናል ብዬ አካሄዴን አስተካከልኩ።

ስመለስ አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይንቀጠቀጣሉ። «ልጄ፣ ከኋላህ ጨረቃ ወጥታብሃለች» አሉኝ፤ «ያውም ሁለት።»

ደረጃው ላይ የተቀመጥኩት አሸዋ ላይ ሳይሆን ሳይሟሟ በሰጠመው የክሎሪን ዱቄት ላይ ኖሯል። ከዲሲ የመጣው ቁምጣ በመቀመጫው በኩል ሁለት ክብ፣ እኩል፣ እንደ እንጀራ ዓይናማ የሆኑ ነጭ ምልክቶች አውጥቷል። የጠቀለልኩበት የሪዞርቱ ሰማያዊ ፎጣም ቅጂያቸውን ወስዷል። የባለቤቴ ወንድም ምንም አልተናገረም፤ ቁምጣውን ብቻ እያየ ቆመ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሽማግሌው በዚህ ጊዜ መጥተው ብልቃጤን ጠየቁኝ። አንድ እጅ የገንዳ ውሃ፣ ዘጠኝ እጅ የታሸገ ውሃ በብርጭቆ ቀላቅለው ከድብልቁ ቀዱበት፤ ኪኒኗን ጨመሩ። ብልቃጡ ሮዝ ሆነ፤ ሮዝ ሆኖም ቀረ። በመለኪያው 2.5 አነበብን፤ በአሥር ሲባዛ 25 ነው። «ይቺ ኪኒን ሲበዛባት ትታወራለች» አሉኝ፣ ማንም እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እውነታቸውን ነው፤ ክሎሪን ከመጠን ሲያልፍ ራሱ የፈጠረውን ሮዝ ቀለም መልሶ ያነጣዋል፤ ባዶ ውሃና ክሎሪን የሞላው ውሃ በብልቃጥ ውስጥ አንድ ይመስላሉ። ይህ በኪኒኑ መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ እኔም ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንብቤዋለሁ፤ ግን 0.3 ሲለካ የኖረ ሰው 25 ይገጥመኛል ብሎ አያስብም።

የቀረውን ያን ጊዜ ነገሩኝ። ቅዳሜ ማታ ሆዱ የተበላሸ አንድ ሕፃን ገንዳው ውስጥ አደጋ አድርሷል። ከእንዲህ ያለው አደጋ የሚፈራው ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተሐዋስ ሲሆን፣ በተለመደው የገንዳ ክሎሪን ውስጥ ከሰባት ቀን በላይ መኖር ይችላል፤ ስለዚህ የአሜሪካው የበሽታዎች መከላከያ ማዕከል ክሎሪኑ በሊትር ወደ 20 ሚሊ ግራም ከፍ ብሎ ለ12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ እንዲቆይ ይመክራል። ሽማግሌው ይህን በአንድ ሥልጠና ላይ ተምረውት ኖሮ ሁሉን ሰው አስወጥተው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ 12 ኪሎ ክሎሪን በባልዲ እያሟሙ አስገብተዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ማጣሪያውን ሳያጠፉ አድረዋል፤ ሰሌዳውንም ጽፈዋል። ክሎሪኑ የጠዋቱ 2 ሰዓት ከ45 ካለፈ በኋላ በፀሐይ እየቀነሰ ለከሰዓት በኋላ ይደርስ ነበር። እኔ አራት ኪሎ ጨመርኩበት።

ገንዳው እሁድን ሙሉ ተዘግቶ ዋለ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭነው የመጡ ቤተሰቦች ምክንያቱን ሲጠይቁ ሥራ አስኪያጁ በአገጩ ወደ እኔ ያመለክታል፤ እኔ በጃንጥላ ሥር ጋዜጣ ከፊቴ አላነሣሁም። ልጆቼ ከሌሎች ልጆች ጋር ሆነው ገመዱን ይዘው ውሃውን ሲመለከቱ ዋሉ።

ሰኞ ጠዋት ሒሳብ ልዘጋ ስሄድ ደረሰኙ ላይ ከምግቡና ከአልጋው በታች «ክሎሪን፣ 4 ኪሎ» እና «ፎጣ፣ 1» የሚል ተጨምሯል። አልተከራከርኩም። ከላይ በስም ቦታው ላይ ደግሞ በእጅ ጽሑፍ፣ ከስሜ በፊት፣ «ዶ/ር» ተብሎ ተጽፏል።