ከአይካ እስከ ዴቬቸር፦ በቀዩ ጭቃ ላይ

ከሃንጋሪ ዋና ከተማ ከቡዳፔስት እስከ አይካ ከተማ ያለውን የባቡር ጉዞ ተኝቼ ስላሳለፍኩት የምለው የለኝም። አይካ ያረፍኩበት ቤት ግን ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ሲንኳኳ አድሮ እንቅልፍ ነሣኝ፤ ጠዋትም ባለታክሲው ቆጣሪውን ሳያበራ፣ ቅርብ ለሆነው ለኮሎንታር መንደር 9 ሺህ ፎሪንት ተቀበለኝ።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2010 በአይካ የአሉሚና (አሉሚኒየም የሚሠራበት ነጭ ዱቄት) ፋብሪካ የዝቃጭ ግድብ ተደርምሶ ኮሎንታርንና የዴቬቸርን ከተማ ቀይ ጭቃ አጥለቀለቃቸው፤ 10 ሰዎችም ሞቱ። ጭቃው ቦክሳይት ከተባለው ማዕድን አሉሚና በኮስቲክ ሶዳ (ሶዲየም ባለበት ኃይለኛ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ) ተለይቶ ከወጣ በኋላ የሚቀር ዝቃጭ ነው። ፒኤቹ (የአሲድና የአልካሊ መለኪያው፤ 7 ገለልተኛ ነው) ወደ 13 የሚጠጋ ስለነበር የነካውን ቆዳ አቃጥሏል።

በቶርና ወንዝ ዳር ስዞር ያገኘኋቸው አዛውንት ገበሬ፣ ጭቃው የሸፈነው መሬት እንዴት እንዳገገመ ለማየት መምጣቴን የልጅ ልጃቸው ሲያስተረጉምላቸው፣ ሳይጠየቁ አካፋ አምጥተው ማሳቸውን ቆፈሩልኝ። በጭቃው የተሸፈነው መሬት ወፍራሙ ተጠርጎለት ስሱ ከአፈሩ ጋር የታረሰ ነው። በመዳፋቸው የያዙት ጓል ቡናማ ሆኖ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ መስመር ያቋርጠዋል፤ የሣሩ ሥርም ያንን መስመር ጥሶ ወርዷል። ከኮዳቸው ውኃ ቢያፈሱበት ወዲያው ሰረገ።

ቁም ነገሩ ይህ ነው። ባልታከመ ዝቃጭ ላይ ውኃ ይቋጥራል፤ ከኮስቲክ ሶዳው የቀረው ሶዲየም ደቃቁን ቅንጣት ስለሚበታትነው ሲደርቅ ቅርፊት ይሆናል። ጂፕሰም (ካልሲየም ያለበት ማዕድን) ሲጨመርበት ካልሲየሙ የሶዲየሙን ቦታ ይይዛል፣ አልካሊ የሆነውን ካርቦኔትም አስሮ ፒኤቹን ያወርዳል፤ ከዚያ ዝናብ ሶዲየሙን ያጥበዋል። ብስባሽና ጨው የሚችል ሣር የሚከተሉት ከዚህ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ያዛባ ዘሩን ይከስራል። በአገሬ ገበሬው አሲዳማ መሬቱን የሚያክምበት ኖራ አጥቶ ሲቸገር፣ እዚህ የአልካሊ ብዛት ሰው ማስጨነቁ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አስቀንቶኛል።

በግድብ ውስጥ የተከመረው ዝቃጭ ግን ሌላ ጣጣ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ150 ሚሊዮን ቶን በላይ ይመረታል። ብዙ ጊዜ ከሌላ ቦታ የመጣ አፈር ይለብስና ተሐድሶ ይባላል፤ እኔ በዚህ አልስማማም፤ ከሥር ያለው ካልታከመ በደረቅ ወቅት ጨውና አልካሊ ወደ ላይ ተስቦ ይወጣል፣ አፈር የቀማንበት ሌላው መሬትም ይራቆታል።

አዛውንቱ ዴቬቸር ጣቢያ ድረስ በመኪናቸው አድርሰውኝ ገንዘብ አልቀበልም አሉ። መንገድ ላይ የታጠበው ሶዲየም የት እንደሚገባ ብጠይቃቸው በጣታቸው ወንዙን አሳዩኝ፤ ዝቃጭ በሚታከምበት ቦታ ሁሉ የሚወጣው ውኃ ተጠራቅሞ ሳይመረመርና ሳይጣራ ሊለቀቅ የማይገባውም ለዚህ ነው።