የሻይ ቅጠሉ ደረሰኝ

«የካርቶኑ ደረሰኝ የታለ?»

«ካርቶኑ አልተገዛም። የሻይ ቅጠል ካርቶን ነው።»

«እሺ፣ የሻይ ቅጠሉ ደረሰኝስ?»

«ሻይ ቅጠሉማ ተጠጣ።»

«አቦ አታድክመኝ! ማን ጠጣው?»

ከአንድ የድሬዳዋ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ጋር የተደረገ ንግግር ነው። ካገለገለ ካርቶን የተሠራላቸውን የቤት ሞዴል ተረክበዋል። ከዚራ ሰፈር ካሉት የባቡር ዘመን ቤቶች አንዱ ከነበረንዳው፣ ከፊቱ ቁራጭ ሐዲድ ተዘርግቶለት፣ ከእውነተኛው 50 ጊዜ አንሶ፣ በ1፡50 ስኬል ተሠርቶ አዳራሻቸው ውስጥ በመስታወት ተከድኖ ተቀምጧል። እንግዳ በመጣ ቁጥር አጠገቡ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። ክፍያው ግን ቆሟል፤ የዋጋ ዝርዝሩ ላይ «ጥሬ ዕቃ፦ ያገለገለ ማሸጊያ» ይላላ።

ሒሳብ ሹሟ ክፉ ሰው አይደለችም። ደንቡ ደረሰኝ ይላል፣ እሷ ምን ታድርግ። እስካሁን የሚከነክነው ፋይሉን ዘግታ ያለችው ነው፦ «ታዲያ ቆሻሻ ነው የሸጣችሁልን ማለት ነው?»

ቆሻሻ የተባለው እንግዲህ ይህ ነው። የሻይ ቅጠልና የጥርስ ሳሙና ካርቶን ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ1፡50 ሲታሰብ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለበር ሳንቃ፣ ለመስኮት መዝጊያና ለግድግዳ ልስን ልክ ነው። ግድግዳው ሥዕሉ ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 10 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። ሳሙና በጅምላ የሚመጣበትን ባለ 3 ሚሊ ሜትር ካርቶን ሦስት ድርብ አድርጎ፣ በሁለቱም ፊት ሻይ ካርቶን ማልበስ ነው፤ ሦስት ጊዜ ሦስት 9፣ ሁለት ግማሽ 1። መካከለኛው ድርብ ሞገዱ (በካርቶኑ ውስጥ ያለው የተጣጠፈ ወረቀት መስመር) ከሌሎቹ ጋር መስቀለኛ ይሁን። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ከሄዱ ግድግዳው በሞገዱ መስመር ይታጠፋል።

ሁለቱም ፊት በአንድ ቀን መልበስ አለባቸው። ወረቀት ኮላው ውስጥ ያለውን ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። አንዱን ፊት ዛሬ ለጥፎ ሌላውን ለነገ ያለ ሰው ጠዋት የሚያገኘው ቅስት ነው። የእንጨት ኮላ በስሱ ይቀባና ሌሊቱን ከባድ ነገር ይጫነዋል። በድሬ ሙቀት ኮላው ከዳር እስከ ዳር ተቀብቶ ሳያልቅ ስልባቦት ይይዛል፤ ስለዚህ ሰፊ ግድግዳ በማለዳ ነው የሚለጠፈው። ሰዓቱ ካለፈ በትንሽ በትንሹ እየቀቡ መሄድ ነው። የካርቶኑ ኅትመት ያለበት ፊት ወደ ውስጥ ይዙር። የሚያብለጨልጨው ሽፋን የውሃ ቀለም አይዝም፤ ግራጫው ፊት ግን ይጠጣል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ጣሪያው ላይ ነው። የካርቶኑን አንድ ፊት በውሃ አርሶ መላጥና የወጣውን ሞገድ ቆርቆሮ ነው ማለት ይቀላል። ግን ይለካ። የተለመደው የቤት ቆርቆሮ ከሞገድ ሞገድ 76 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ1፡50 ሲሆን 1.5። የተራ ካርቶን ሞገድ ከ6 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ሞገዱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቆርቆሮ ማለት ነው። የሚያየው ሰው ምክንያቱን ባያውቀውም ቤቱ አሻንጉሊት ይሆንበታል።

1.5 ሚሊ ሜትር ሞገድ የሚያትም ነገር ደግሞ ቡሎን መሸጫ ሁሉ አለ። የኤም 10፣ ማለትም ባለ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቡሎን ጥርስ ከጥርስ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። «ባለ 10 ቡሎን» ብሎ መጠየቅ አይበጅም፤ ባለ ሱቁ 10 ቁልፍ የሚይዘውን ያመጣል፣ እሱ ኤም 6 ነው፣ ጥርሱም 1 ሚሊ ሜትር። የሚፈለገው 17 ቁልፍ የሚይዘው ነው። የመኪና ከሆነ ጥርሱ 1.25 የሆነም ስላለ ማስመሪያ ይዞ መሄድ ነው፤ 10 ጥርስ ልክ 15 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከቡሎን ይልቅ እስከ ጫፍ ጥርስ ያለው ረጅም ዘንግ ከተገኘ ለእጅ ይመቻል።

የሚታተመው ነገር ለስላሳ አሉሚኒየም ነው፤ ምግብ ታሽጎ የሚወሰድበት ሳህን፣ ወይም የዱቄት ወተት ጣሳ ክዳን ሥር ያለው ሽፋን። የወጥ ቤት ፎይል ሳስቶ ይቀደዳል። የለስላሳ መጠጥ ጣሳ ደረቅ ነው፣ ቡሎኑን አይቀበልም። የጥርስ ሳሙና ቱቦ ውስጡ ፕላስቲክ ስላለበት ታትሞ ተመልሶ ይነሳል። ሥሩ የመኪና የውስጥ ጎማ ቁራጭ ይነጠፋል፤ ዘንጉ በሁለት እጅ ተጭኖ አንድ ጊዜ ብቻ ወደፊት ይንከባለላል። ሲመልሱት አዲሱ መስመር አሮጌው ላይ በትክክል ስለማያርፍ ሁለቱም ይበላሻሉ።

ጥርሱ ጠመዝማዛ ነውና መስመሩ ወደ 3 ዲግሪ ይዘማል፤ 20 ሴንቲ ሜትር ሲንከባለል 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸሻል። ስለዚህ የሚቆረጠው የመስመሩን አቅጣጫ ተከትሎ ነው እንጂ የሳህኑን ጠርዝ አይደለም። 2 ሜትር ቆርቆሮ 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ በአንድ ተቆርጦ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ጎን ለጎን አንድ ሞገድ እየተደራረበ ይለጠፋል። ጣሪያውን በአንድ ወጥ ቁራጭ የሚከድን ሰው ልፋቱን ሁሉ አፈር አበላው።

ለመስኮት የሸሚዝ ማሸጊያ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ይበልጣል። የሃይላንድ ጠርሙስ ክቡ አይለቀውም፤ በካውያ ላቃናህ ሲሉት ደግሞ ይኮማተራል። ሱፐር ግሉ ጥርት ያለውን ፕላስቲክ ነጭ ጭጋግ ያለብሰዋል፤ የእንጨት ኮላ ጠብታ ደርቆ ስለሚጠራ ይበቃል። ለመሬቱ የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ጥሩ ነው፤ ማስቲሽና የሚረጭ ቀለም ግን ይበሉታል። መጀመሪያ በኮላና በውሃ ቀለም ይሸፈን፣ ላዩ ላይ የተነፋ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ይበተን።

ሐዲዱም ላይ አስተያየት ተሰጥቷል፤ «ጠበበ» ተባለ። የድሮው የጅቡቲ መስመር በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ የደረሰው በ1 ሜትር ስፋት ነው፤ በ1፡50 ከዚህ 2 ሴንቲ ሜትር ነው የሚወጣው። የአዲሱ ባቡር ስፋት 1.435 ሜትር ስለሆነ ወደ 2.9 ይጠጋል። አስተያየት ሰጪው አዲሱን አይቶ የመጣ ሰው ነው። ማስመሪያ ተሰጠው፣ ለካ፣ ከዚያ ስለ ዛፎቹ ማውራት ጀመረ።

የደረሰኙ ነገር የተፈታው ሒሳብ ሹሟ ራሷ ባመጣችው ዘዴ ነው። «የሆነ ነገር ገዝታችሁ አያይዙልኝ» አለች። ሻይ ቅጠል፣ የጥርስ ሳሙናና የዱቄት ወተት ከነቫቱ ተገዝቶ የማሽን ደረሰኙ ተያያዘ። ቀኑ ከርክክቡ በኋላ መሆኑን ያየም የጠየቀም የለም። ፋይሉ ዛሬም እንዳለ አለ፤ ለአንድ ቤት ግንባታ የጥርስ ሳሙና ወጪ የተደረገበት።

ለቀጣዩ ሞዴል «እውነተኛ ማቴሪያል» ይሁን አሉ። ከአዲስ አበባ የማስታወቂያ ሠሪዎች ነጭ ፒቪሲ ሰሌዳ ከነሙሉ ደረሰኙ መጣ። በከተር ቆንጆ ይቆረጣል፣ አይካድም፤ ጠርዙም እንደ ካርቶን አይበጣጠስም። ክፍያው አንድም ጥያቄ ሳይነሳበት ገባ። የመጀመሪያው በጠዋት፣ ሁለት ወገኑ ክፍት በሆነ ባጃጅ ነበር የሄደው። ይሄኛውን ራሳቸው በመኪና ወሰዱት፤ መስኮቱን ዘግተው፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ አቁመውት ምሳ በሉ። የፒቪሲ ሰሌዳ 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፤ በድሬ ቀትር የተዘጋ መኪና እዚያ ለመድረስ ብዙ አይቸግረውም። ከምሳ ሲመለሱ ጣሪያው መሐሉ ሰርጉዶ፣ የበረንዳው ምሰሶዎች ወደ አንድ ወገን ጎንበስ ብለው ነበር።

ደውለው «ዕቃው ጥራት የለውም» አሉ። ጥራቱማ በደረሰኝ የተረጋገጠ ነው። ጣሪያው ተነስቶ ከሥሩ በሦስት ድርብ ካርቶን አግዳሚ ተደገፈ፤ ምሰሶዎቹም ተነቅለው በተጠቀለለ ሻይ ካርቶን ተተኩ። ለጥገናው የቀረበው ደረሰኝ የኮላ ብቻ ነው።