ስቱኮ ዝገት አያድንም

በመኪናው በር ግርጌ ወይም በኋላ ጎማ ቅስት ጠርዝ ላይ ቀለሙ ምስር የምታክል እብጠት ካወጣ፣ ዝገቱ የጀመረው ያን ዕለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ከላሜራው ጀርባ ተነስቶ፣ ብረቱን ሲበላ ቆይቶ ነው ወደ ውጭ ብቅ የሚለው። በብዙ ጋራዥ የሚደረገው ግን እብጠቷን ፍቆ ስቱኮ በሚባለው የመሙያ ሊጥ መድፈንና ቀለም መርጨት ነው። ክረምት ሲያልፍባት እዚያው ቦታ ትመለሳለች፣ ያውም ሰፍታ። ከፊት በኩል ብቻ የተሠራ ዝገት ተሸፈነ እንጂ አልተጠገነም።

ለምን ከውስጥ እንደሚጀምር ለማየት በርን መመልከት ይበቃል። ዝናብ በመስታወቱና በጎማው መካከል ገብቶ በበሩ ሆድ ይወርድና ግርጌው ላይ ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። አቧራና ቅጠል ቀዳዳዎቹን ሲደፍናቸው ውሃው እዚያው ይተኛል። የውጭው ላሜራ በውስጠኛው ላይ የታጠፈበት ጠርዝ ደግሞ የፋብሪካው ቀለም በደንብ የማይደርስበት ቦታ ነው። ከበሮቹ ስር ያለው ረጅም የላሜራ ሳጥንም፣ የኋላ ጎማ ቅስት የውስጥ ከንፈርም በዚሁ መንገድ ይበላሉ። የባትሪ ማስቀመጫው ጉዳይ ለየት ይላል፤ እዚያ ጠላቱ አሲድ ስለሆነ ብረቱ ከመነካቱ በፊት ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ አረፋው እስኪቆም ማጠብ ያስፈልጋል። የፊት መስታወት የተቀየረላቸው መኪኖችም ዙሪያውን መታየት አለባቸው፤ የድሮው ማጣበቂያ ሲቆረጥ ምላጩ ቀለሙን እስከ ብረቱ ከጫረው፣ ዝገቱ ከአዲሱ ማጣበቂያ ስር ተደብቆ ይሠራል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የጉዳቱን ልክ ማወቅ ግድ ነው። ያበጠውን ቦታ በካቻቪቴ ጫፍ ጠንከር አድርጋችሁ ውጉት። ከገባ ላሜራው አልቋል። ካልገባ ማግኔት አስጠጉ፤ ከአካባቢው ይልቅ እዚያ ላይ ደከም አድርጎ ከያዘ ከቀለሙ ስር የቆየ ስቱኮ አለ። አሮጌ መኪና የምትገዙ ከሆነ ይህን ፈተና ከዋጋ ድርድር በፊት አድርጉት።

ላሜራው ካልተበሳ ሥራው ቀላል ነው። መጀመሪያ ቅባቱን በማጽጃ ጥረጉ፤ ሳይጠረግ ከተፋቀ ወረቀቱ ቅባቱን ወደ ብረቱ ያስገባዋል። ከዚያ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ዝገቱ ካለቀበት 3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አልፋችሁ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ፋቁ። በጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ የሚቀረውን ጥቁር ነጥብ ወረቀት አይደርስበትም፤ የሽቦ ብሩሽና ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማከሚያ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሥራ ይበላሻል፦ አሲዱ ጣሳው ላይ በተጻፈው መሠረት ታጥቦ ካልደረቀ የሚቀባበት ኤፖክሲ ፕራይመር (ከቀለም በፊት ብረቱ ላይ የሚቀባው የመጀመሪያ ሽፋን) በደንብ አይጠነክርም፣ ከወራት በኋላም እንደ ቆዳ ይላጣል። የተፋቀ ብረት ሳይቀባ አያድር፤ በዚያው ቀን ሁለት እጅ ኤፖክሲ ይጠጣ። የቀለም ሀርድነሮች (ማጠንከሪያዎች) ብዙዎቹ አይሶሳያኔት የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ኬሚካል ስላለባቸው የጨርቅ ጭምብል አያድንም፤ ሲረጭ የካርቦን ማጣሪያ ያለው ማስክም ብቻውን አያስተማምንም፣ ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያመጣ ማስክ አድርጉ።

ስቱኮ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ በደረቀና በ180 ቁጥር በተፋቀ ኤፖክሲ ላይ። ስቱኮ ውስጡ ታልክ ስላለበት ውሃ ይጠጣል። በባዶ ብረት ላይ ተደርጎ በውሃ ሲፋቅ እርጥበቱን ይዞ ብረቱ ላይ ያሳርፈዋል፤ ያቺ የምትመለሰው እብጠት አንዱ ምንጯ ይሄ ነው። ስለዚህ ስቱኮ በደረቁ ብቻ ይፋቃል፤ በውሃ መፋቅ የሚቻለው ከላዩ የመሙያ ፕራይመር ከተረጨና ከደረቀ በኋላ፣ በ600 ቁጥር ነው። ለ100 ግራም ስቱኮ 2 ግራም ያህል ሀርድነር ይበቃል። ቶሎ ይድረቅልኝ ብሎ ማብዛት ቀለሙ ላይ ከቀናት በኋላ የሚወጣ ቢጫ እድፍ ያመጣል። ውፍረቱም ከ3 ሚሊ ሜትር አይለፍ፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ጉድጓድ በመዶሻ መውጣት የነበረበት ነው።

የተበሳ ላሜራ ግን ምንም ዓይነት ስቱኮ፣ ፋይበርም ቢሆን፣ አይዘው። ቀዳዳው ካለቀበት 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ተርፎ፣ የሚያብረቀርቅ ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ይቆረጥ። ለበርና ለፓራፋንጎ 0.8 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይስማማል። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ፣ ምንጣፉን አውጡ፣ ከቤንዚን ታንከሩ አጠገብ ከሆነ ታንከሩ ይውረድ። ብየዳው በሚግ (በጋዝ ተከልሎ ሽቦ እየመገበ በሚበይድ ማሽን)፣ በ0.6 ወይም 0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ በነጥብ በነጥብ ይሁን፤ አንዱን ነጥብ እዚህ፣ ቀጣዩን ራቅ አድርጎ። በተከታታይ የተበየደ ስስ ላሜራ ይጣመማል። በኤሌክትሮድ መበየድ ብረቱን ይበሳዋል፣ በጋዝ ነበልባል መበየድ ደግሞ ሙቀቱን ሰፊ ቦታ ስለሚያዳርሰው ጀርባው ላይ የነበረውን የፋብሪካ ቀለም አቃጥሎ ለአዲስ ዝገት በር ይከፍታል። የቀበቶ ማሰሪያ፣ የሞላ መቀመጫ ወይም ሻንሲ የተበላ ከሆነ ስስ ላሜራ ለጥፎ ማለፍ በሰው ሕይወት መቀለድ ነው፤ በዚያው ውፍረት ብረት፣ ሥራውን በሚያውቅ ሰው መሠራት አለበት።

ብየዳው ካለቀ በኋላ ባለሙያዎች የሚዘሉት፣ እኔ ግን ከቀለሙ በላይ የምጨነቅለት ክፍል ጀርባው ነው። መገጣጠሚያው በፖሊዩሪቴን ማሸጊያ ይታሸግ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን አትጠቀሙ፤ የሚለቀው አሲድ ብረቱን ያዝገዋል፣ ቀለምም አይይዝበትም። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በረጅም ቱቦ ወደ ሳጥኑና ወደ በሩ ሆድ የዝገት መከላከያ ሰም ይረጭ፤ በፍሳሽ ቀዳዳው መንጠባጠብ ሲጀምር የታጠፈው ጠርዝ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ ቀዳዳውን በሽቦ መልሳችሁ ክፈቱ።

የአዲስ አበባ ክረምት ለቀለም አይመችም። አየሩ ሲረጥብ ቀጭኑ ቲነር በፍጥነት ተንኖ ላሜራውን ያቀዘቅዘዋል፣ ጤዛ ይይዛል፣ ቀለሙም ይነጣል። ግድ ከሆነ ረፋድ ላይ ላሜራው ሲሞቅ፣ በዝግታ የሚተን ቲነር ተጠቅሞ፣ የኮምፕሬሰሩንም ውሃ አስቀድሞ አፍስሶ መርጨት ነው።

ስለመከላከል ሲነሳ ሁለት ልማዶች ያሳስቡኛል። አንደኛው ከስር የተቃጠለ ዘይት መርጨት ነው፤ የጎማ ቡሾችን ያሳብጣል፣ አቧራ ይሰበስባል። ሁለተኛው የዛገ ስር ላይ ካትራሜ መቀባት ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባ ውሃ መውጫ ያጣል፣ ላሜራው ማንም ሳያየው ያልቃል። ንጹሕና ፕራይመር በጠጣ ብረት ላይ ከሆነ ችግር የለውም። ከዚያ ውጭ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ከሰኔ በፊትና ከመስከረም በኋላ የፍሳሽ ቀዳዳዎችን መክፈት፣ ጠጠር የመታውን ኮፋኖ ብረቱ ቡናማ ሳይሆን መቀባት፣ ላቫጆ ሲገባ የጎማ ቅስቱን የውስጥ ከንፈር በጣት እየዳሰሱ ጭቃውን ማስወጣት። ከአፍዴራ ጨው የሚጭኑና ጅቡቲ ወደብ የሚመላለሱ መኪኖች ደግሞ በተመለሱበት ቀን ስራቸው በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ ጨው ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ዝናብ በሌለበትም ላሜራውን ያረጥበዋል።