ጠገብኩ አይባልም

ፀሐይ ካየሁ አራት ቀኔ ነው። የምማርባት የቻይና ከተማ ቾንግቺንግ በዚህ ወር እንዲህ ናት። ቻይናዎቹ ራሳቸው «የጉም ከተማ» ይሏታል። ጠዋት መጋረጃ ስከፍት ወንዙ የለም፣ ድልድዩ የለም፣ ፊት ለፊቴ ያለው ሕንፃም ግማሹ የለም። ቤት ውስጥ ደግሞ ማሞቂያ የለም። ሰሜን ያሉት፣ የቤይጂንግና የሃርቢን ሰዎች፣ ከመሃል የሚመጣ ሙቀት በየቤታቸው ይገባላቸዋል። ደቡብ ያለነው ጃኬት ለብሰን እናጠናለን፣ ጃኬት ለብሰን እንተኛለን።

ገናን ያሳለፍኩት እዚሁ ሆኜ ነው። ፈተና ነበረብኝ። ከፈተናው ወጥቼ ሁለት እንቁላል ጠብሼ ፈሰክኩ፣ አለቀ። ቤት ስደውል ስልኩ እጅ በእጅ ዞረ። ሁሉም እኩል ያወራል። ከኋላ የሰሃን ድምፅ ይሰማኛል፣ የታናሹ ሳቅ ይሰማኛል። ከዘጋሁ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሆነ ነገር ከብዶኛል። ናፍቆት ብቻም አይደለም። ርቦህ ምን እንዳማረህ ግን የማታውቅበት ዓይነት ስሜት ነው።

ዛሬ ቅዳሜ ከሰዓት አንዲት ቻይናዊት የላቦራቶሪ ጓደኛዬ ጻፈችልኝ። «ጾምሽ አለቀ አይደል? ነይ ሁዎጉዎ እንብላ። እስክንጠግብ!» ሁዎ እሳት ነው፣ ጉዎ ድስት። እሷ እኔን ሳታየኝ ስሜቴን የምታውቅበት መንገድ አላት። ሄድኩ።

ቤቱ ደረጃ ወርደህ፣ ደረጃ ወጥተህ፣ እንደገና ደረጃ ወርደህ የምታገኘው ነው። እዚህ ከተማ ሁሉ ነገር ደረጃ ነው። መሃል ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። የቀርከሃ እንጨታቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ገመዱን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ከትንሽ ሳህን ኑድል ይበላሉ። ባንግባንግ ናቸው፣ በእንጨት ዕቃ ተሸካሚ። ድሮ ይቺን ከተማ በትከሻቸው ያቆሟት እነሱ ናቸው። አሁን እንዲህ ያሉ ጥቂት አዛውንቶች ብቻ ቀርተዋል። ሳህኑን ወደ አፋቸው አስጠግተው ነበር የሚበሉት። አንገታቸውን እንኳ አላነሱም።

ሬስቶራንቱ በሰው 68 ዩዋን ነው። ከፍለህ የቻልከውን ያህል ትበላለህ፣ ሁለት ሰዓት አለህ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ማስታወቂያ አለ፤ ያስተረፈ ይከፍላል። ይሄ ዝም ብሎ የቤቱ ሕግ አይደለም። ቻይና በፈረንጆቹ 2021 የምግብ ብክነትን የሚከለክል አዋጅ አውጥታለች። ብዙ ምግብ ያስተረፈ ደንበኛን ምግብ ቤቱ ማስከፈል ይችላል። ደንበኛውን እያታለለ ከልክ በላይ የሚያሳዝዝ ምግብ ቤት ደግሞ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ካልታረመ እስከ 10,000 ዩዋን ይቀጣል።

ድስቱ መጥቶ ጠረጴዛው መሃል ተቀበረ። ለሁለት የተከፈለ ነው። አንዱ ጎን ነጭ የእንጉዳይ መረቅ፣ አንዱ ጎን ቀዩ። ቀዩ ሲመጣ ገና መረቅ አልነበረም። እንደ ሸክላ የጠነከረ የበሬ ሞራ ነበር፣ ውስጡ በርበሬና ቅመም የተጋገረበት። እሳቱ ከስር ሲነሳ መጀመሪያ ዳር ዳሩ ላበው። ቀጥሎ መሃሉ ዘመመ። ከዚያ ደረቅ በርበሬዎቹ አንድ በአንድ እየተላቀቁ ተንሳፈፉ። ሽታው ሲደርሰኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሰው ሁሉ ከበርበሬው መስሎት ይሆናል። በፈረንጆቹ ከ1492 በፊት እነሱም እኛም በርበሬ የሚባል አናውቅም ነበር፣ ከአሜሪካ ነው በባሕር የመጣው። ግን ዛሬ ያ ሽታ ለኔ የእናቴ ጓዳ ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም።

አብሮት ኋጂያኦ የሚሉት ፍሬ አለ። እሱ አያቃጥልም፣ ያደነዝዛል። ከንፈርህ ብቻውን ይንቀጠቀጣል። ለንደን ያሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2013 ለክተውት በሰከንድ 50 ጊዜ አካባቢ የሚመታ ንዝረት ሆኖ አግኝተውታል። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ የታመምኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳጣው ምግቡ የጎደለው ይመስለኛል።

ጓደኛዬ የአሳማም የዳክዬም ነገር ወደ ጠረጴዛችን አላመጣችም። አልጠየቅኳትም፣ እሷም አላወራችበትም። የበሬ ሥጋ፣ ድንች፣ ቶፉ፣ የሎተስ ሥር፣ እንጉዳይ። በመጨረሻ አንድ ሳህን ሙሉ ማኦዱ አመጣች። ይሄ ምግብ ቾንግቺንግ ውስጥ ካለ እሱ አይታሰብም። በቾፕስቲክ ይዘኸው ትነክራለህ፣ ታወጣለህ። ሰባቴ ወደ ላይ፣ ስምንቴ ወደ ታች ይላሉ። አሥራ አምስት ሰከንድ ገደማ ነው። ካለፈ ጎማ ይሆናል። በጊዜው ካወጣኸው ጥርስህ ስር ቀጭ ይላል። ነጭ ሽንኩርት በተከተፈበት የሰሊጥ ዘይት ነክረህ ትጎርሰዋለህ።

ማኦዱ ሽንፍላ ነው። በቃ ሽንፍላ! ያ እንደ መጽሐፍ ገጽ በገጽ የሆነው። የመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ዕለት ደንግጬ ነበር። አያቴ ለበዓል ሽንፍላ ስታጥብ እኔ ነበርኩ ውሃ የማቀብላት። አንዱን ቅጠል ገልጣ በጨውና በሎሚ ታሸዋለች፣ ትደግመዋለች፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። «ሽንፍላ ታጥቦ አይጠራም» ሲሉ ሰምታ አታውቅም መሰለኝ፣ እሷ እጅ ላይ ይጠራል። አንድ ቅጠል አትዘልም። ሌሎቹ ሴቶች ለውሻ እንስጠው ሲሏት «ሥጋ ነው እኮ» ትላለች። ከዚያ በላይ አትናገርም።

እዚህም ታሪኩ ያው ነው። ጂያሊንግና ያንግሲ የሚባሉት ወንዞች የሚገናኙበት ቻኦትየንመን የሚባል ወደብ አለ። ጀልባ ጎታቾችና ተሸካሚዎች ነበሩበት። ሥጋውን ባለገንዘብ ይገዛል፣ ሆድ ዕቃው ለእነሱ ይቀራል። እነሱም በበርበሬና በቅመም ድስት ውስጥ ቀቅለው ተካፍለው ይበሉታል። ሁዎጉዎ እንዲህ ተጀመረ እያሉ ነው የሚተርኩት። ደረጃው ላይ ያየኋቸው ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። የእነሱ ምግብ ነው እኮ ይሄ።

አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከበላን በኋላ በቃኝ። ቾፕስቲኬን አስቀመጥኩ። ሳህኑ ላይ ግን ሽንፍላ ነበር፣ ሥጋም ነበር። ማስታወቂያውን አየን፣ እርስ በርስ ተያየን፣ እንደገና ጀመርን። ቅጣቱን ፈርተን በላን። ደስ አላለኝም። ሲያልቅ ሆዴን ይዤ «ዎ ቺ ባኦ ለ» አልኳት። ጠገብኩ ማለት ነው።

ሳቀችና «ቺ ባኦ ለ ቸንግ ደ እንዳትሆኚ ብቻ!» አለችኝ። ምን ማለት ነው አልኳት። ስድብ ነው አለች። ሥራ ፈትቶ በማያገባው ለሚገባ፣ ያለ ምክንያት ነገር ለሚፈልግ ሰው የሚባል። ቃል በቃል ሲወሰድ «ጠግቦ ሆዱ ስለተነፋ ነው» እንደማለት ነው።

እንዴ! «ጠግቦ ነው» እኮ የኛ ነው! ልጅ ሲረብሽ፣ ጎረምሳ ሲደባደብ የምንለው። ጥጋበኛ። ጥጋቡ ነው። ጥጋቡን አበርድለታለሁ። ካልጠገቡ አይዘሉም፣ ካልዘሉ አይሰበሩም። እንዲህ ተራርቀው የኖሩ ሁለት ሕዝቦች እንዴት አንድ ስድብ አወጡ? እሷም ገረማት። ከዚያ በኋላ ሌላ ያወራችውን ብዙ አልሰማሁም። ሐሳቡ ይዞኝ ሄደ።

ጥጋብ ምን አደረገን? ሆድ መሙላቱ ለምን ጥፋት ሆነ? ሜትሮ ውስጥ ቆሜ እሱን ብቻ ሳስብ መጣሁ። አንድ ነገር ታየኝ። «ጠገብክ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ነው የሚሄደው። አለቃ ለሠራተኛው፣ አስተማሪ ለተማሪው፣ ባል ለሚስቱ። ታች ያለው ቀና ሲል ነው የሚባለው። በእውነት ጠግበው የሚኖሩትን ማን ጠገባችሁ ይላቸዋል?

ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን የነበሩ ሴትዮ ከቤት ሠራተኛቸው ጋር ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ። ልጅቷ ልብስ እያጠበች ነበር። ደመወዝ ይጨመርልኝ አለች። ጮክ እንኳ አላለችም። ሴትዮዋ «ጠግበሻል!» አሏት። ልጅቷ እጇ ላይ አረፋ እንዳለ ቆመች። አረፋው በክርኗ በኩል ወደ መሬት ይንጠባጠብ ነበር። ምሳዋን ሁልጊዜ ከሁሉም በኋላ፣ ጓዳ ውስጥ፣ በርጩማ ላይ ሆና ነበር የምትበላው። እኔ ያቺ ልጅ ጠግባ አላየኋትም። ሰው በጎደለው ነገር ሲሰደብ ያየሁት ያኔ ነው። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

የአያቴ ግን ሌላ ነው። ቤታችን ውስጥ ጠገብኩ አይባልም ነበር። በልቼ ስጨርስ «ጠገብኩ» ካልኩ አያቴ ትቆጣለች። «በቃኝ በይ። ተመስገን በይ።» ለምን ስላት አንድ ቀን ዝቅ ባለ ድምፅ «ራብ ይሰማል» አለችኝ። ራብን እንደ ሰው ነው የምታየው። በር ላይ ቆሞ የሚያዳምጥ።

የወሎ ሰው ናት። 77ን አይታዋለች። እናቴን አዝላ በእግሯ ደሴ እንደገባች አውቃለሁ። ይሄን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፣ እናቴ ናት። እናቴ ደግሞ አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፈች «ሁለት ነበርን» አለችኝ። ሁለት ምን? አልኳት። ዝም አለች። መክተፉን ቀጠለች። እኔም አልደገምኩም።

ለጓደኛዬ ይሄን ሬስቶራንቱ በር ላይ ነገርኳት። ሁሉንም አይደለም፣ «ራብ ይሰማል» የሚለውን ብቻ። በቻይንኛ እንዴት እንደሚባል እየፈለግኩ ተንተባተብኩ። ገባት። ስለ ዋይፖ፣ ስለ እናቷ እናት፣ ነገረችኝ። ዋይፖ ሳህኗ ላይ የቀረውን ዘይት በሩዝ ጠርጋ ነው የምትበላው። በእነሱ አቆጣጠር ከ1959 እስከ 1961 በነበረው ረሃብ ልጅ ነበረች። ያኔ ቾንግቺንግ የሲቹዋን ክፍለ ሀገር አካል ነበረች፣ ሲቹዋን ደግሞ በጣም ከተጎዱት አንዱ ነው። ጓደኛዬ አንድ ጊዜ ጠየቀቻት። «ዋይፖ፣ ምን ትበሉ ነበር?» ዋይፖ «ነጭ አፈር» አለች። ሆድ ስለሚሞላ። ከዚያ ተነስታ ቴሌቪዥኑን ከፈተች።

ጓደኛዬ ይሄን ስትነግረኝ የኮቷን ቁልፍ እየቆለፈች ነበር። ሁለታችንም ብዙ አልተናገርንም። ጃኬታችን ሞራና በርበሬ ይሸታል። አሁንም ይሸታል፣ ወንበሩ ላይ ተሰቅሎ። ሽታው ክፍሉን ሞልቶታል።

እሷ ጠየቀች። እኔ 26 ዓመቴ ነው፣ አልጠየቅኩም። አያቴ ሽንፍላ ስታጥብ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስንት በዓል አልፏል። ውሃ አቀበልኳት፣ ጨው አቀበልኳት። «ሥጋ ነው እኮ» ስትል ሰማሁ። ምን እያለችኝ እንደነበር ግን ዛሬ፣ እዚህ ሆኜ፣ የሌላ ሰው አያት ስትወራልኝ ነው የገባኝ።

ነገ እሁድ ነው፣ የምደውልበት ቀን። አያቴ መጀመሪያ የምትለኝን አውቀዋለሁ። «በላሽ?» ነው። በላሁ እላታለሁ። በቃሽ? ትላለች። በቃኝ እላለሁ። ከዚያስ? «እማማ፣ ያኔ ምን ትበሉ ነበር?» ይባላል? ያን ሁለተኛውንስ ልጅ ስሙን ልጠይቃት?

ጆሮዋ ደክሟል። ስልኩን ከፊቷ አርቃ ነው የምትይዘው፣ እኔ ካልጮህኩ አትሰማም። ያን ጥያቄ እየጮኹ መጠየቅ ይቻላል?